እስከ ታች ላነበበ

«አሥራ አራተኛ አንቀጽ» አለች አክስቷ ዓይኗን ጨፍና። «አመልካቹ በቀጠሮው ዕለት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ካልደረሰ ተራው ለሚቀጥለው ሰው ይተላለፋል። አሥራ አምስተኛ አንቀጽ። አመልካቹ ከሕክምናው በኋላ ወደ ቤት የሚያደርሰው አንድ ሰው ይዞ መምጣት አለበት። ልቀጥል ወይስ በቃሽ?»

ችኩሌ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከትታ፣ ሌላውን ጫማ በእጇ እንዳንጠለጠለች ቆማ ቀረች። ስሟ ሌላ ነው። ችኩሌ ያለቻት ይህቺው አክስቷ ናት፣ ገና ልጅ ሳለች፣ ሻይ እስኪበርድ መጠበቅ አልችል ብላ በየቀኑ ምላሷን ስታቃጥል። አሁን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ምላሷ አሁንም ይቃጠላል። ነገሩ የተጀመረው ቦርሳዋን ስትፈልግ ነው። አክስቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ ስልኳን አፍንጫዋ ላይ ደቅና፣ በጣቷ ወደ ላይ ወደ ታች ስታደርግ አየቻትና «ምንድን ነው?» አለቻት። አክስትየዋ እንደ ልማዷ «ምንም» አለች። ከዚያ ግን ለስምንት ቀን ይዛው የከረመችው ወጣ። የዓይን ሆስፒታሉ የሦስት መቶ ሰው የዓይን ሞራ በነፃ ሊገፍ ምዝገባ ከፍቷል፤ ምዝገባው በስልክ ብቻ ነው፤ የሚዘጋው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እሷም በየቀኑ ቅጹን ትሞላለች፣ ውሉን ታነባለች፣ መጨረሻ ላይ ግን «ላክ» የሚለው ቁልፍ አመድ እንደመሰለ ይቀራል። ብትጫነው፣ ብታሸው፣ ብትለምነው ንቅንቅ አይልም።

ችኩሌ ስልኩን ቀማቻት። ግራጫውን ወዲያው አወቀችው። ከሰባት ዓይነት ግራጫ መርጣ ያወጣችው ራሷ ናት፣ ሁለት ቀን ፈጅታ። ገጹን የሠራው የእሷ መሥሪያ ቤት ነው፤ ቁልፉ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት የሚያዘውን ትእዛዝ የጻፈችው ደግሞ እሷ። ያኔ «ሲከፈት ለእቴቴ እነግራታለሁ» ብላ ነበር፤ ከዚያ ሌላ ሥራ መጣ፣ ከዚያም ሌላ፣ ረሳችው። ይህን ሁሉ መናገር ሲገባት የተናገረችው ሌላ ነው። «እስከ ታች ስላላነበብሽ ነው። ሰው ሳያነብ እንዳይስማማ፣ ውሉ እስኪያልቅ ድረስ ቁልፉ አይከፈትም» አለቻት። አክስትየዋ ውሉን በቃሏ መውጣት የጀመረችው ይህኔ ነው።

«እሺ አንብበሻል። ግን የሆነ ነገር ዘለሽ ይሆናል እቴቴ፤ ማሽን ዝም ብሎ አይዘጋም።»

«እኔው እሆናለሁ» አለች አክስቷ ስልኩን ተቀብላ። «ወይ የሠራው ሰው ደክሞት ይሆናል። ሰው አይደል?»

«አልደከመውም!» አለች ችኩሌ፣ ድምጿ ከልክ በላይ ወጥቶ። ሁለተኛውን ጫማ ደረጃው ላይ አደረገችውና በሩን በስተኋላዋ ሳትዘጋው ሄደች።

መርፌዎቹ ትዝ ያሏት አውቶቡስ ውስጥ ነው፣ በሁለት ሰው ክንድ መካከል ተጣብቃ። አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት። የሚኖሩት በመጋረጃ በተከፈለ አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ብርሃን የሚገባበት ወገን የስፌት መኪናው ነው፣ ጨለማው ወገን አልጋዎቹ ናቸው። ግድግዳው ላይ የደንበኞች ሱሪና ቀሚስ ተሰቅሎ ስለሚውል ከውጭ ለሚያይ ቤቱ በሰው የተሞላ ይመስላል። ለአንድ ሱሪ ጫፍ የምትጠይቀው ከአንድ ሻይና ከአንድ ዳቦ ዋጋ አይበልጥም፤ ጨምሪ ሲሏት «ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፣ በድሮ ዋጋ ይሁን» ትላለች። ልጅሽ ምን ትሠራለች ሲሏት ደግሞ «ቁልፍ ትተክላለች፣ እንደኔው» ብላ ታስቃቸዋለች። ሞራው ሁለቱንም ዓይኖቿን ከጋረደ ወዲህ መስፋት አላቃታትም፣ እጇ መንገዱን ያውቀዋል፤ ያቃታት ክር ማስገባት ነው። ስለዚህ ችኩሌ ሁልጊዜ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት አሥራ ሁለት መርፌ ላይ ክር አስገብታ ስፖንጅ ላይ ትሰካለች፤ ስድስት ጥቁር፣ አራት ነጭ፣ ሁለት እንደ ቀኑ ልብስ ቀለም። በመኪናው መርፌም ክር ታስገባለች። ሦስት ዓመት አንድም ቀን ሳታጓድል አድርጋዋለች። ዛሬ ስፖንጁ ባዶውን ቀረ።

መሥሪያ ቤቱ ከመድኃኒት ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስምንት ጠረጴዛ፣ አንድ የሚንጫጫ ማራገቢያ፣ ውሃው ያለቀ የውሃ ማቀዝቀዣ። ሥራ አስኪያጁን በሌለበት «ሰኞ» ይሉታል፤ ምን ቢጠይቁት «ሰኞ እናየዋለን» ስለሚል። ዛሬ ዓርብ ነው፣ እሱም አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዓይን ሆስፒታሉ ኃላፊ ሊጎበኝ፣ ከወደደም ሌላ ሥራ ሊሰጥ ይመጣል። በመሥሪያ ቤቱ ሕግ ደግሞ ከሐሙስ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት አገልግሎት ላይ ያለ ገጽ አይነካም፤ ከዚህ በፊት ዓርብ ከሰዓት አንድ ነገር «ላሻሽል» ያለ ልጅ የሰው ቅዳሜና እሁድ በልቷል። ችኩሌ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ውሃ እንደሌለ ትዝ አላትና ተመለሰች። ወደ አክስቷ ደወለች፣ አልተነሣም። ሁለት መስመር ጽፋ ሦስት አጠፋች። አሥራ አምስተኛ አንቀጽ፣ አመልካቹ ወደ ቤት የሚያደርሰው አንድ ሰው ይዞ መምጣት አለበት። ያንን ሰው ማን ሊሆን እንዳሰበችው ሳትጠይቃት ነው የወጣችው።

ስድስት ሰዓት ላይ ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ የመሞከሪያ ስልኮቹን ከመሳቢያ አወጣች። አምስት ናቸው። በአምስቱም ገጹን ከፈተች፣ ውሉን እስከ ታች ገፋችው፣ በአምስቱም ቁልፉ አረንጓዴ ሆነ። እንደተለመደው። ይህን ጊዜ የአክስቷ ስልክ ዓይኗ ላይ መጣ፣ ጠዋት በእጇ ይዛው ያላየችው ነገር። ፊደሉ። በአንድ መስመር ሦስት ቃል ብቻ የሚይዝ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ፊደል። ከስልኮቹ አንዱን ወሰደችና ፊደሉን እስከ መጨረሻው አተለቀችው። ውሉን ወደ ታች ገፋች፣ ገፋች፣ ገፋች፣ የመጨረሻው ነጥብ ላይ ደረሰች። ቁልፉ ግራጫ ነበር። ወደ ላይ ተመልሳ እንደገና ወረደች። ግራጫ።

ምክንያቱን ለማግኘት አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም፤ የገዛ እጇ ጽሑፍ ነው። «አንባቢው የወረደው ርቀት ከውሉ ርዝመት ጋር እኩል ሲሆን ክፈት» ብላ ነበር ያዘዘችው። ፊደሉ መደበኛ ሲሆን ሁለቱ ቁጥሮች ልክክ ይላሉ። ፊደሉ ሲተልቅ ግን ስልኩ ርቀቱን በሽርፍራፊ ይለካል፤ የውሉ ርዝመት ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት የስክሪን ነጥብ ሲሆን፣ ታች የደረሰ ሰው የወረደው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስድስት ከምናምን ነው። በዓይን የማይታይ፣ ከፀጉር የቀጠነ ጉድለት። ማሽኑ ግን እኩል ከተባለ እኩል ነው፣ ይሉኝታ የለውም። አክስቷ ስምንት ቀን ሙሉ ታች ደርሳለች፤ ማሽኑ ስምንት ቀን ሙሉ «ገና ነሽ» ብሏታል።

ፈታሹ ዳቦውን እያኘከ ተመለሰ። ሥራው እነሱ የሠሩትን ለመስበር መሞከር ነው፣ ይኮራበታል። ስልኩን ሰጠችው። እሱም ገፋ፣ ገፋ፣ ማኘኩን አቆመ።

«ይህን የሚያህል ፊደል ማን ያነባል?» አለ። ከዚያ ራሱ መለሰው፤ «የዓይን ሆስፒታል ነው እኮ።»

አብረው መዝገቡን ከፈቱ። ገጹ የሰውን ስም አያሳያቸውም፣ ዝርዝሩ የሆስፒታሉ ነው፤ የሚያሳየው ስንት ሰው የት ደርሶ እንደቆመ ነው። ከሦስት መቶው ቦታ ሁለት መቶ ሰባ ሰባቱ ተይዟል። ውሉን ከፍተው ሳይልኩ የቀሩ አራት መቶ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ባለፈው ሳምንት ይህን ቁጥር አይቶ «ሐሳባቸውን የቀየሩ» ብሎ ሪፖርት ላይ ጽፎታል። አሁን በዚህ ደቂቃ፣ የመጨረሻው ቀን ስለሆነ፣ ሠላሳ አንድ ሰው ገጹ ላይ ነበር። አንደኛው ስልክ ውሉን አርባ ስድስት ጊዜ ወጥቶ ወርዷል። ችኩሌ አክስቷ መስላት ደነገጠች፤ የስልኩን ዓይነት ስታይ ግን የሌላ ሰው ነው። የሌላ ሰው አክስት። እያዩት አርባ ሰባት ሆነ።

ሥራ አስኪያጁ የስብሰባውን ክፍል ወንበሮች ራሱ እያስተካከለ ነበር። ሰማት፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ እስከ መጨረሻው ሰማት። ከዚያ በሩን ዘጋ።

«ሰውዬው ከአንድ ሰዓት በኋላ እዚህ ነው። ስምንት ቀን ሙሉ ለዓይነ ሥውር ዘግተን ነበር ልበለው?»

«አንድ መስመር ናት። አንድ ነጥብ ቢጎድል ግድ የለም፣ ክፈት ነው የምለው።»

«ያ ልጅም አንድ መስመር ናት ነበር ያለኝ። አክስትሽን ከኮምፒውተርሽ ክፈቺላት፣ ለእሷ ብቻ፣ ሁለት ደቂቃ ነው። ሌላውን ሰኞ እናየዋለን።»

«ምዝገባው ዛሬ ነው የሚዘጋው።»

«አውቃለሁ» አለ፣ ዓይኑን ወንበሮቹ ላይ ጥሎ።

ጠረጴዛዋ ላይ ተመለሰችና ሥራ አስኪያጁ ያላትን አደረገች። እውነቱን መናገር ካስፈለገ፣ ለማድረግ አላቅማማችም። የአክስቷን ስምና ዕድሜ ሞላች፣ የገጹን ሆድ ዕቃ ከፈተች፣ ቁልፉን የሚዘጋውን አንዲት ቃል በእጇ አጠፋች። ግራጫው እዚያው ዓይኗ ሥር አረንጓዴ ሆነ። ለእሷ ብቻ፣ በእሷ ኮምፒውተር ላይ ብቻ። ተጫነችው። ገጹም «ወደ አመልካቹ ስልክ የተላከውን አራት አኃዝ ያስገቡ» አላት። አክስቷ ጋ ደወለች። አልተነሣም። ሦስቴ ደወለች። አኩርፋለች ብላ አሰበች፤ ብታኮርፍም አይፈረድባትም።

ሰዓቷን አየች፤ ስምንት ሊሆን ነው። አሁን ብትወጣ በአውቶቡስ ዘጠኝ ተኩል ላይ ቤት ትደርሳለች፣ አኃዙን ከስልኩ ታነባለች፣ ሃያ ሦስት ቦታ ቀርቷል፣ አክስቷ ትገባለች። ያለ ጥርጥር ትገባለች። ነገር ግን ገጹን ማረም የሚቻለው ከዚሁ ከመሥሪያ ቤቱ ብቻ ነው፤ እሷ ከወጣች ለሌላው የሚከፍት የለም። አሁን ከከፈተችው ደግሞ ስምንት ቀን በር ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ተንጋግቶ ይገባል፤ ሃያ ሦስት ቦታ ለእነሱ የደቂቃዎች ነገር ነው፤ አክስቷም ስልክ አታነሣም። ቦርሳዋን አነገተች። አወለቀች። መስኮቱ ጋ ሄዳ የአውቶቡሱን ፌርማታ አየችው፣ ተመልሳ መዝገቡን አየች። አርባ ዘጠኝ። እዚያ ስልክ ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ አታውቅም፤ ግን እንደ አክስቷ ራሱን እየወቀሰ እንደሆነ ታውቅ ነበር። ያ ነው ያሸነፋት።

መስመሯን ጻፈች። በመሥሪያ ቤቱ ሕግ የጻፈ ሰው የራሱን አያጸድቅም፣ ሌላ ሰው አይቶ መፍቀድ አለበት። ፈታሹ ከኋላዋ ቆሞ ነበር።

«ያባርረናል» አለ።

«እሱ? ሰኞ ነዋ የሚያባርረን፤ ዓርብ ምንም አይነካም።»

ሳይስቅ ተጎንብሶ ፈቀደ። ስምንት ሰዓት ከአሥር ነበር። ወዲያው አክስቷ ጋ ደወለች፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ከዚያ ተቋረጠ። በእጅ የተቋረጠ። እንደገና ደወለች፣ እንደገና ተቋረጠ። በመዝገቡ ላይ ሁለት መቶ ሰባ ስምንት አለ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ሦስት አለ። አርባ ዘጠኝ ጊዜ የወረደው ስልክ ሃምሳኛውን ወረደና ከተጠባባቂዎቹ መካከል ጠፋ፤ ገባ። ፈታሹ ሳያስበው በጠረጴዛው ላይ በቡጢ መታ። ችኩሌ ልቧ በደስታና በጭንቀት ተሰንጥቆ አንድ ዓይኗ መዝገቡ ላይ፣ አንድ ዓይኗ ስልኳ ላይ ነበር። ስምንት ከሃያ አንድ ላይ ሦስት መቶ ሆነ። ሌላ የእሷ ትእዛዝ ተራውን አገኘና ገጹን በሙሉ ዘጋ፤ «ቦታው ሞልቷል፣ እናመሰግናለን።» ያኛው ትእዛዝ ምንም ስሕተት አልነበረበትም።

የሆስፒታሉ ኃላፊ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣና ሦስት መቶ ሙሉውን አይቶ የሥራ አስኪያጁን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ሥራ አስኪያጁ ችኩሌን አንዴ አያት፣ ሁሉንም ገባው። ለሁሉም ሻይ አዘዘ። እሷ የእሷን ትኩሱን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። አክስቷ በስፌት መኪናው ፊት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ልብሶቹ እንደተሰቀሉ፣ ስፖንጁም እንደ ጠዋቱ ነበር። ችኩሌ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ውጭ የጎረቤት ቧንቧ ይንጠባጠባል።

«ሆስፒታሉ ድረስ ሄጄ ነበር» አለች አክስቷ በመጨረሻ። «በእግሬ። ስልኩን ቻርጅ ላይ ትቼው። በረኛው እዚህ አይመዘገብም፣ በስልክ ነው አለኝ። ስመለስ አንዷ ደንበኛዬ መንገድ ላይ አግኝታ በመኪናዋ አደረሰችኝ። እስቲ ለመጨረሻ ልሞክር ብዬ ከፈትኩት። አንቺ ደግሞ መሀል ላይ ትደውያለሽ፣ ከመስመሬ እያወጣሽኝ፤ ሁለቴ ዘጋሁብሽ።»

«ስታነቢ ነበር?»

«ሳላነብ ልስማማ?»

«በቃልሽ ታውቂው የለም ወይ እቴቴ!»

«ቀይረውት ቢሆንስ? ሃያ ሁለቱንም አነበብኩ። ታች ስደርስ አረንጓዴ ሆነ። እንዴት ያለ አረንጓዴ ነው፣ ለእኔ እንኳ ታየኝ። ተጫንኩት። ሞልቷል አለኝ።» እጇን ከጭኗ አንሥታ የስፌት መኪናውን ጎማ በቀስታ አንዴ አዞረችው። «ይሁን። ግን ተከፈተ አይደል? ያጠፋሁት እኔ አልነበርኩም ማለት ነው።»

ችኩሌ ቀኑን ሙሉ ስታዘጋጀው የዋለችውን ንግግር «እቴቴ፣ ያንን ቁልፍ...» ብላ ጀመረች።

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ከውሉ በታች፣ ከቁልፉም በታች፣ የመሥሪያ ቤትሽ ስም ተጽፏል። በመጀመሪያው ቀን ነው ያየሁት።» ፈገግ አለች። «እስከ ታች ላነበበ።»

«ስምንት ቀን ሙሉ? ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? የልጄ ሥራ አልሠራም አለ ብዬ?» አለች አክስቷ፣ ወደ መስኮቱ ዞራ። «እኔ ነኝ ያልቻልኩት ማለት ይሻለኝ ነበር።»

ችኩሌ አለቀሰች። አፏን በእጇ ይዛ፣ እንደ ትንሽ ልጅ አለቀሰች። አክስቷ አላባበለቻትም፣ ተይም አላለቻትም። የጎረቤቱ ቧንቧ እስኪዘጋ፣ ልቅሶውም እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ፣ «ቀጣዩ ምዝገባ መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ከስድስት ወር በኋላ።»

«ስድስት ወር ነው?» አለች፣ ስፖንጁንና የክሩን ቆርቆሮ በዳበሳ ወደ እሷ እየገፋች። «በይ እንግዲህ። አሥራ ሁለት ስኪልኝ።»

ችኩሌ መብራቱን አበራች። የክሩን ጫፍ በከንፈሯ አርጥባ በመጀመሪያዋ መርፌ አሳለፈች፣ ሰካች፣ ሁለተኛዋን አነሣች። ስድስት ጥቁር፣ አራት ነጭ፣ ሁለት ቡናማ፣ መጋረጃው ጋ ለተሰቀለው ቀሚስ። አክስቷ በጣቷ ጫፍ አንድ በአንድ እየነካች ቆጠረቻቸው።

«ሌላም አሥራ ሁለት ጨምሪ» አለች። «ነገም ተቆጥተሽ የወጣሽ እንደሆነ።»

ችኩሌ ሃያ አራት ሰካች።